በሕፃናት ደስታ አብሮ ስለ መደሰት



እኛ ደቀ መዛሙርት ከሁሉ አስቀድመን የምንለምደው ነገርን መተርጐም ነው። አንድም ብለን እንጀምራለን፤ አንድም ብለን እንቀጥላለን። ይህ ያባቶቻችን የትምህርት መንገድ የተመሰገነ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ትርጓሜም ጊዜ አለው፤ ይህን ያልተረዳ ተማሪ የሕፃንን ደስታ ሳያውቀው ሊያጠፋ ይችላል። እኔ ይህን ስሕተት ስለ ፈጸምሁ፣ የሆነውን እንደ ሆነ ልናገር ወደድሁ።

ባለፈው ነሐሴ 12 ቀን ማታ በወሎ ባለው መንደራችን ነበርሁ። እንደሚታወቀው ማግሥቱ ደብረ ታቦር፣ ሕዝቡ ቡሄ የሚለው በዓል ነው። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ እረኞች ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ እንደ ቈዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደ ወጡ ይተረካል፤ ችቦውና ሙልሙሉ ከዚህ የመጣ ነው ይባላል።

የጎረቤታችን ልጅ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው። ከሐምሌ ማለቂያ ጀምሮ ቃጫ ሲገምድ ሰንብቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ የሠራውን ጅራፍ ይዞ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ጅራፉን ከራሱ በላይ አዙሮ አጮኸው፤ ድምፁም ከማዶው ገደል ተመልሶ መጣ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን የሚያህል ድምፅ ከርሱ እጅ መውጣቱን ሊያምን አልቻለም። «ጋሼ፣ ሰማኸው?» አለኝ።

እኔስ ምን መለስሁለት? የጅራፍ ድምፅ የምን ምሳሌ እንደ ሆነ ታውቃለህን ብዬ ጠየቅሁት! አላወቀም። ስለዚህ አቁሜ፣ ከደመናው ውስጥ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ መሆኑን በሰፊው አስረዳሁት። ልጁ ጨዋ ነውና ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ፤ ጅራፉ ግን ከእግሩ ሥር ወድቆ ነበር። የነገርሁት ሁሉ የተማርሁት ነው፤ ሐሰት የለበትም። ሆኖም እርሱ የጠየቀኝ ሰምቼ እንደ ሆነ ብቻ ነበር።

ወዲያው እናቱ የእጅ ቴሌፎኗን ይዛ ከቤት ወጣች። የልጁ አባት በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በጂዛን ግዛት፣ አል-ዒዳቢ በሚባለው ተራራማ ስፍራ ፍየል ይጠብቃል። የጂዛን ደጋ ወደ የመን ወሰን የተጠጋ፣ ሰዎቹም እርከን እየሠሩ ቡና የሚተክሉበት አገር ነው። ወደዚያ የሚሄዱ ብዙ ያገራችን ልጆች በጅቡቲ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ተሻግረው፣ ጦርነት የጎዳትን የመንን ያቋርጣሉ፤ በመንገድ የቀሩትም ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ሰው በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ አብሮ ተመልሶ ነበር። በኋላም አግብቶ ወለደ፤ ኑሮው አልቃና ቢለው ልጁ ገና መራመድ ሳይጀምር ዳግመኛ ሄደ።

አባትየው ልጁን ስለ ትምህርቱ አልመረመረውም። «የኔ ጌታ፣ ጅራፍ ገመደ አሉኝ፤ እስቲ አሰማኝ» አለው። እናቱ ቴሌፎኑን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ልጁም አጮኸ። ያ ሁሉ ድምፅ በቴሌፎን ውስጥ አልፎ ከጣት ማፏጨት የሚበልጥ ሆኖ እንደማይደርስ ገመትሁ። ከማዶ ያለው ሰውዬ ግን በደስታ ጮኾ «ድገመው!» አለ። ደገመው። «እንደ ገና!» አለ። ሂሳቡ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳጮኸለት አልቈጠርሁም። እኔ በአጠገቡ ቆሜ ያልሰማሁትን አባቱ ባሕር ማዶ ሆኖ ሰማው።

ያን ሰው ለምን ልጅህን ትተህ ሄድህ ብዬ አልወቅሰውም፤ የሰደደው ችግር ነው። እኔ የምወቅሰው በቦታው ያለነውን ነው። በከተማ ሙልሙል ቀርቶ ሳንቲም መሰጠቱን ብዙ ሰዎች ያማርራሉ። ለእኔ ክፋቱ በሳንቲሙ ላይ አይደለም፤ ልጆቹ ዘፈናቸውን ሳይጨርሱ ቶሎ እንዲሄዱልን ብለን በበር ቀዳዳ የምንሰጥ መሆናችን ነው። በእንቍጣጣሽም ዐደይ አበባ ይዘው የሚመጡት ልጃገረዶች የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ የልጁን ጨዋታ በቴሌፎን ሥዕል ለማንሣት ሲጣደፍ ልጁን ሳያየው ይቀራል። ቤት ሠርቼ፣ ዕዳዬን ከፍዬ፣ ከዚያ በኋላ ከልጆቼ ጋራ እጫወታለሁ የሚልም አለ፤ ቤቱ ሲያልቅ ግን ልጁ ጅራፍ ማጮኽ የሚያሳፍረው ጎረምሳ ሆኖ ያገኘዋል።

ምናልባት በእኛ በተማሪዎች ላይ ድርቀቱ የበረታው ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ ከእናታችን ተለይተን፣ ዳባ ለብሰን አኩፋዳ አንግተን ከየደጁ ውሻ ጋራ ስንታገል ስላደግን ይሆናል። በየኔታ ፊት ሳቅን መደበቅ ለምደናል። እንዲህም ሆኖ ለሌላው ልጅ ደስታ መሰናክል እንድንሆን አይገባም።

በየዓመቱ በሆሣዕና፣ በመቅደስ ውስጥ በእልልታ ስለ ጮኹት ሕፃናትና ስለ ተቈጡት የካህናት አለቆች እናነባለን። ጌታ ለማን እንደ ፈረደ እናውቃለን። ከዚያም ንባቡ ሲያልቅ ወጥተን የዘንባባ ቀለበት የሚሠሩትን ልጆች ከዐውደ ምሕረቱ በዱላ እናባርራለን። በቅዳሴ ጊዜ ጸጥታ መኖር እንዳለበት አልክድም፤ ልጆች በመቅደስ ይሯሯጡ የሚል ሰው የለም። ግን ቀለበት ማሰር ምን ድምፅ አለው? እንዲያውም ልጁ ቀለበቱን ካንዱ ሽማግሌ ጣት ላይ ሊያጠልቅ ሲሞክር፣ ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉለት አይቻለሁ፤ ቀለበቱ ጠቧቸው ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

በመጪው ሆሣዕና ዱላ ይዞ በር የመጠበቅ ተራ ለእኔ ደርሶኛል። ዱላውን ከዕቃ ቤት አላወጣውም። ኀላፊዎቹ ቢቈጡኝ ምክንያቴን በዚህ ጽሑፍ አስቀድሜ አቅርቤአለሁ።