ይድረስ «አጥፍተህ እንደገና ጫነው» ለምትሉ

ለሶፍትዌር አስተማሪዎች፣ ለፕሮጀክት መሪዎች፣ ጀማሪ ባለሙያ ለምትቀጥሩ ሁሉ፤

«ኮዱ አልሠራ አለኝ» ለሚል ጀማሪ የሚሰጠው መልስ ከአስተማሪም ከአለቃም አንድ ዓይነት ሆኗል፦ ያለውን ኖድ አጥፋው፣ አዲሱን አውርደህ ጫን። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ለሚሠራ ሰው ይህ ሻይ እስኪመጣ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቆቦ ላይ ላፕቶፑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር አያይዞ ለሚማር ወጣት ግን ዳታው የሚገዛው ከኪስ ነው፤ ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ ገንዘብም አያመጣውም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ይህን ባየ አገር ለጀማሪ በእጁ ያለውን አጥፍቶ ገና ያልወረደውን እንዲጠብቅ መንገር መካሪው ራሱ የማይከፍልበት ምክር ነው።

ኮድ ብቻውን እንደማይሮጥ ታውቃላችሁ። ጃቫስክሪፕት በአሳሽ ካልሆነ ብዙውን ጊዜ በኖድ ይሮጣል፤ ፓይተን፣ ፒኤችፒና ጃቫም እያንዳንዳቸው የሚያስኬዳቸው ራንታይም አላቸው። ራንታይሙ በየጊዜው ቨርዥን ይቀይራል፣ በአሮጌው የተጻፈ ፕሮጀክት ግን ባለበት ይቆያል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንዱን በቅርብ እንየው። ኖድ 17 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሲወጣ የምስጠራ ሥራውን ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 አዛወረ። አዲሱ ኦፕንኤስኤስኤል ኤምዲ4 የሚባለውን አሮጌ ስልት እንደ ቀድሞው አልቀበልም አለ፤ የፕሮጀክት ፋይሎችን የሚያዋህደው ዌብፓክ 4 ደግሞ ፋይሎቹን የሚለየው በዚያው ስልት ነበር። ስለዚህ በዌብፓክ 4 የተሠራ የሪአክት ፕሮጀክት የተረከበ ተማሪ ኖድ 18 ጭኖ ሲያስነሳው «ዲጂታል ኤንቨሎፕ ሩቲንስ አንሰፖርትድ» የሚል የስሕተት ጽሑፍ ይዘረገፍበታል። ኮዱ ላይ አንድ ፊደል አልተነካም። ተማሪው ግን ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሲያርምና ሲያበላሽ ያመሻል። ሻል ያለ ጓደኛ ካለው በቴሌግራም አንድ መስመር ይልክለታል፣ አሮጌውን ስልት በግድ የሚያስፈቅደውን። ፕሮጀክቱ ይነሳል፤ ሆኖም አዲሱ ቨርዥን ለደኅንነት ሲል የዘጋው በር ተመልሶ ተከፈተ ማለት ነው፣ ለምን እንደተዘጋም የጠየቀ የለም።

መፍትሔው እኮ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ። ቲም ካስዌል የጀመረው ኤንቪኤም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ የኖድ ቨርዥኖችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ተርሚናል ላይ «ኤንቪኤም ኢንስቶል 16» ሲባል አንዴ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ «ኤንቪኤም ዩዝ 16» ማለት ብቻ ይበቃል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ኤንቪኤም ራሱ ትልቅ ፕሮግራም አይደለም። ተርሚናሉ ትእዛዝ የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር ይለውጥና የተፈለገውን ቨርዥን ከፊት ያስቀድማል፤ ለውጡም ለዚያ መስኮት ብቻ ነው። በአንዱ ተርሚናል አሮጌው ፕሮጀክት በ16፣ በሌላው አዲሱ በ22 አብረው ይሮጣሉ። እርግጥ ኖድ 16 እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ የደኅንነት ጥገና አያገኝም፤ አሮጌ ፕሮጀክት ከፍቶ ለማየትና ለማሻገር እንጂ ለሕዝብ የሚቀርብ አገልግሎት ሊጫንበት አይገባም።

የራያ ቆላ ገበሬ አዲሱንና ነባሩን አብሮ መያዝን በማሽላ ዘር ላይ ያውቀዋል። ዝናቡ በሚያዝያ ከያዘ ዘግይቶ የሚደርሰውን ደጋሌት ይዘራል፤ ከዘገየ ቶሎ ወደሚደርሰው ይዞራል፤ አቀንጭራ ለሚያስቸግረው ማሳ ደግሞ ጎብዬን የመሰለ የተሻሻለ ዘር አለ። አዲስ መጣ ብሎ የነባሩን ዘር ከጎተራ የሚደፋ አይገኝም።

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ አብዛኛው ተማሪ የሚሠራውም በእሱ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ኤንቪኤም ፎር ዊንዶውስ በስም ቢመሳሰልም ሌላ ሰው የሠራው ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ቨርዥን ሲቀይርም የሚቀይረው ለተከፈተው መስኮት ሁሉ ነው። «ዩዝ» ብሎ በሌላ መስኮት የከፈተውን ፕሮጀክት የሚያበላሽ ተማሪ ይህን የነገረው ስለሌለ ነው። ኤፍኤንኤም የሚባለው ግን በዊንዶውስም በሊኑክስም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራል።

ፓይተን ላይ ጉዳቱ ይከፋል። ኡቡንቱ የራሱን ብዙ ሥራ በፓይተን ያከናውናል። «አዲሱን ቨርዥን ዋና አድርገው» የተባለ ተማሪ የሲስተሙን ፓይተን 3 ወደ ሌላ ቨርዥን ሲያዞረው የሶፍትዌር ምንጭ የሚጨምረው ትእዛዝ ይሰበራል፤ በብዙ የኡቡንቱ ቨርዥኖች የተርሚናሉ ማስነሻም በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ተርሚናሉ ራሱ አልከፈትም ሊል ይችላል። ማረሚያ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት አብሮ ሄደ! ብዙዎች በዚህ ጊዜ ኡቡንቱን ከነጭራሹ እንደገና ይጭናሉ። ፓይኢንቪ ይህን ያስቀራል፤ የሲስተሙን ሳይነካ ሌላውን በተጠቃሚው ፎልደር ያስቀምጣል። ችግሩ ፓይተንን ከምንጩ ኮምፓይል ማድረጉ ነው፣ በደካማ ላፕቶፕ ላይ ጊዜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው ዩቪ ተዘጋጅቶ ያለቀውን ስለሚያወርድ ለእንዲህ ያለው ማሽን ይሻላል።

«ይህ የተማሪ ጣጣ ነው፣ ሥራ ላይ ዶከር አለ» የምትሉ አላችሁ። ዶከር ጥሩ ነው። ግን መደበኛው የኖድ ኢሜጅ ሲፈታ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በዳታ ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ከዚያ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። ደግሞም ጣጣው የተማሪ ብቻ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ ይሮጣል። እስከ ቨርዥን 40 ጃቫ 11 ይበቃው ነበር፤ ከ41 ጀምሮ ጃቫ 17 ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሌሎች የጃቫ ፕሮግራሞች ጋር ሰርቨር በሚጋራበት ቦታ የማሽኑን ጃቫ በአንድ ትእዛዝ መለወጥ ማለት ጎረቤቶቹን ሳያማክሩ ቤት ማፍረስ ነው። ለየአገልግሎቱ የየራሱን ጃቫ ማመልከት ግን የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ትልቁ ቅሬታ ግን ከመሣሪያው ይልቅ በአረካከባችሁ ላይ ነው። ፕሮጀክት በፍላሽ ወይም በጊትሃብ ይሰጣል፤ በየትኛው ቨርዥን እንደተሠራ የሚል ቃል አይኖርበትም። የኤንቪኤም ፋይል አንድ ቁጥር ብቻ የሚጻፍበት ነው፤ «22» ብሎ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ማኖር ደቂቃ አይፈጅም፣ ተረካቢው «ኤንቪኤም ዩዝ» ሲልም ኤንቪኤም ቁጥሩን ከዚያ ያነባል። በፓኬጅ ፋይሉ ውስጥ ቨርዥኑን የጻፉትም ቢሆኑ ሥራውን ጨርሰናል አይበሉ፦ ኤንፒኤም ቨርዥኑ ሳይገጥም ሲቀር ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ይቀጥላል እንጂ አያቆምም፣ «ኤንጅን ስትሪክት» ካልተከፈተ በቀር። ያንን ቢጫ ጽሑፍ ደግሞ ማንም አያነብም።

«5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠና በሐምሌ 2016 ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራሚንግ የሚሞክረው ወጣት ቁጥር እየጨመረ ነው። እነዚህ ልጆች በነገው ሥራቸው የሌላ ሰው ፕሮጀክት ይረከባሉ።

ኮምፒውተር ክፍል ላላችሁ ትምህርት ቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር። ኤንቪኤም ኖድን የሚያወርድበት አድራሻ ይቀየራል፤ «ኤንቪኤም ኖድጄኤስ ኦርግ ሚረር» የሚለውን ተለዋዋጭ ወደ ክፍሉ አንድ ኮምፒውተር ማዞር ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የቨርዥኖቹ ዝርዝር ፋይል፣ የማረጋገጫ ቁጥሮቹና ሁለት ሦስት የኖድ ቅጂ ይቀመጣል። አንዱ የተጨመቀ ቅጂ ለሊኑክስ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። ወልድያ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ አስተማሪ በፍላሽ ሊያመጣው ይችላል፤ ክፍሉ በሙሉ ከውስጥ መስመሩ ይጭናል፣ የሞባይል ዳታ ቢጠፋም። የሚያስፈልገው ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰውና ኮምፒውተሩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፦ ኖድ 22 የደኅንነት ጥገና የሚያገኘው እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 2027 ነው፤ ከዚያ በፊት ቀጣዩ ይጨመር፣ አሮጌው አይጥፋ።