ከባሕር ወጥቶ ቦሌ መግባት

የባሕር ዳር ዕረፍት ሲታቀድ ሁላችንም የምንጨነቀው ስለ መሄጃው ነው። ሆቴሉ ለባሕሩ ምን ያህል ይቀርባል? ቁርስ ዋጋው ውስጥ አለ? የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ የት ገባ? ስለ መመለሻው ግን ትኬቱ ላይ ከታተመው ሰዓት በቀር የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። ዋኝታችሁና አሸዋ ላይ ጋደም ብላችሁ ብቻ የምትመለሱ ከሆነ እውነትም ብዙ የሚጠየቅ ነገር የለውም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ የአየር ሲሊንደር በጀርባው ተሸክሞ ከጠለቀ ግን መጀመሪያ መታቀድ ያለበት የመመለሻው ቀን ነው። መድረሻው አዲስ አበባ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ውድ አንባቢያን፣ «እኛ ዋናተኛ እንጂ ዳይቨር አይደለንም» ብላችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። በዛንዚባርም ሆነ በሞምባሳ አካባቢ ሆቴሎች መዋኛ ገንዳ ዳር «ዳይቪንግ ይሞክሩ» የሚል ማስታወቂያ አይጠፋም። የመንጃ ፈቃድ ዓይነት ወረቀት አይጠይቁም። ገንዳ ውስጥ አጭር ትምህርት፣ ከዚያ ከአሠልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር ድረስ መጥለቅ። 10 ዓመት የሞላው ልጅም ይፈቀድለታል። ደንቡን ሳያውቅ አውሮፕላን የሚሳፈረው ብዙ ጊዜ እንዲህ አንዴ የሞከረው ሰው ነው። ኮርስ የወሰደውማ ተምሮት ወጥቷል። በነገራችን ላይ ጀርባ ላይ ያለውን ጋን ብዙዎቻችን «ኦክስጅን» እንለዋለን እንጂ ውስጡ ያለው ታምቆ የተሞላ ተራ አየር ነው። ወሬው ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አየር ወደ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። መሬት ላይ ስንተነፍሰው ምንም አያደርገንም። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ስንወርድ ግን ግፊቱ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ። በዚያ ግፊት የምንተነፍሰው ናይትሮጅን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። አምቦ ውሃን አስቡት። ጠርሙሱ እንደተከደነ አረፋ አይታይም፣ ጋዙ ግን ውስጡ አለ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ የሚከፍት ሰው ትንሽ «ፍስስ» ብቻ ይሰማል። በአንዴ የከፈተው ልብሱን ያጥባል። ጠላቂ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው፣ 5 ሜትር አካባቢ ሲደርስም ለጥቂት ደቂቃ የሚቆመው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ከውሃ ሲወጣ ናይትሮጅኑ ተሟጦ አያልቅም፤ በትንፋሽ የሚወጣው በሰዓታት ውስጥ ነው። ይህ ሳያልቅ አውሮፕላን ከገባ፣ በካቢኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳሩ ያነሰ ስለሆነ፣ ክዳኑ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። አረፋው በመገጣጠሚያ፣ በነርቭ፣ ሲብስም በአከርካሪና በአንጎል ላይ ችግር ያመጣል። ሐኪሞች የዲኮምፕሬሽን ሕመም ይሉታል።

ዳን በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የዳይቪንግ ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ያወጣው መመሪያ ዛሬም ይሠራበታል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት መቆየት አለበት። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት። ወደ ላይ ሲወጣ የግድ ረጅም ማቆሚያ የሚያስፈልገው ጥልቅ ዳይቪንግ ያደረገ ከ18 ሰዓት ብዙ በልጦ መጠበቅ ይኖርበታል። ብዙ አሠልጣኞች ነገሩን አቅልለው «ለማንኛውም 24 ሰዓት» ይላሉ። እኔም የምመክረው 24ቱን ነው። ምክንያቱ ደግሞ የእኛ ከተማ ናት።

የመንገደኛ አውሮፕላን ካቢን ውስጥ ግፊቱ ቢወርድ ቢወርድ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አያችሁት? አንድ ጀርመናዊ ከዛንዚባር ተነስቶ ሐምቡርግ ሲያርፍ ተመልሶ ባሕር ወለል አጠገብ ነው፤ ሰውነቱ በአነስተኛ ግፊት የሚቆየው በበረራው ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ግን ከአውሮፕላን ወርደን፣ ሻንጣ ተቀብለን፣ ቤት ገብተን፣ ራት በልተን ተኝተንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን። ለእኛ በረራው ቦሌ ላይ አያልቅም ቢባል ማጋነን አይደለም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖር ሰው ደግሞ ከቦሌ ከፍ ብሎ ያድራል።

እንዲያውም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አየር መንገዳችን የሚያበራቸው ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ካቢናቸው ምቹ ነው የሚባለው ግፊቱ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ስለተሠራ ነው። ድካም ይቀንሳል። ቦሌ ሲያርፉ ግን ካቢኑ የግድ ከቦሌ ግፊት ጋር መተካከል አለበት። ስለዚህ አውሮፕላኑ እየወረደ ሳለ ተሳፋሪው፣ ሰውነቱ እንደሚያውቀው፣ እየወጣ ነው። (ለእናቶች ደስ የሚል ጎኑ፦ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲያርፉ ጆሯቸውን የሚያማቸው ዛንዚባር ሲያርፉ ካመማቸው ያነሰ ነው፤ የግፊቱ ለውጥ ትንሽ ነዋ።)

«እንግዲያው በምድር እመለሳለሁ» የሚል አይጠፋም። ከሞምባሳ ናይሮቢ በባቡር፣ ከዚያ በአውሮፕላን የሚመለሱ አሉ። ናይሮቢ ራሷ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ ባቡሩ ያን ሁሉ የሚወጣው በጥቂት ሰዓታት ነው። ከጅቡቲ የሚመለስም እንዲሁ። ከኅዳር ጀምሮ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ ለማየት የሚሄዱ ቤተሰቦች አብዛኞቹ በስኖርክል ላይ ላዩን ስለሚዋኙ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። በሲሊንደር የጠለቀ ግን በመኪና ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ ደንገጎን አልፎ ሐረር ሲገባ ወደ 1,900 ይጠጋል። ሰውነት ክንፍና ጎማ አይለይም። መቆያው ሰዓት መኪና ከመነሳቱ በፊትም ይቆጠራል።

እኔ ኑሮዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ ስለ ጥቅል ጉዞ ዋጋ ትንሽ ልናገር። «6 ሌሊት 7 ቀን፣ 5 ዳይቭ፣ የመጨረሻው በነጻ» የሚል ጥቅል ስታዩ ነጻው ዳይቭ በየትኛው ቀን እንደተመደበ ጠይቁ። ሻጩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጥቅሉ የተዘጋጀው ምሳሌ ሆኖ በተወሰደ አንድ በረራ ላይ ነው፤ የእናንተ በረራ ሌላ ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ ትኬት ደግሞ ሰውን ለድርድር ያመቻቻል፦ «ከፍለንበት የለ? ጠዋት በጊዜ ብንጠልቅስ?» ይባላል። የከፈልነው እንዳይባክን የማንሆነው የለም። ገንዘቡን ሳትሰጡ የምትጠይቁት ጥያቄ ቀላል ነው፤ ዳይቮቹን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አድርጉልን በሉ። ማንም በዚህ ቅር አይለውም።

ሰዓቱን ስትቆጥሩ ወረቀት ላይ ቁጠሩት። ትኬቱ 17:00 ካለ የእኛ 11 ሰዓት ነው፤ 05:00 ካለም የእኛ 11 ሰዓት ነው። ልዩነታቸው ድፍን 12 ሰዓት! ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ከጀልባ ነጂው ጋር ስትነጋገሩ ትግባባላችሁ፣ ከዳይቪንግ ማዕከሉ ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ ላትግባቡ ትችላላችሁ። ለምሳሌ በረራው እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ቢሆን፣ በ24 ሰዓት ሒሳብ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ከውሃ መውጣት አለባችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥለቅ ይቻላል። በረራው እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ግን የመጨረሻው ዳይቭ ዓርብ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከመጨረሻው ዳይቭ ውሃ ከወጣችሁበት ሰዓት ነው፤ የሚያበቃውም አውሮፕላኑ በሚነሳበት ሰዓት ነው።

ቅዳሜ ያለ ዳይቪንግ ምን ይደረጋል? ዛንዚባር ላይ ይህ ችግር አይደለም። የስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ቅርስ ናቸው፤ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች ብቻ እያዩ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ቻንጉ የምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ከሲሸልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ፤ ለትንንሽ ልጆች ከዓሣ ሁሉ ይበልጥባቸዋል። የጆዛኒ ጫካ ቀይ ጦጣዎች፣ የቅመም እርሻው፣ ሲመሽ ፎሮዳኒ ላይ የሚጠበሰው የባሕር ምግብ። ሁሉም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ስኖርክልም ይቻላል። የረጠበው ልብስም በዚያ ቀን ይደርቃል፤ ሳይደርቅ ሻንጣ የገባ የዋና ልብስ ክብደቱ ሚዛን ላይ ይታወቃል። የእጅ ባትሪና የካሜራ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ኮራል ግን፣ ልጁ ከአሸዋ ላይ ያነሳው ቢሆንም፣ እዚያው ይቅር፤ ጠንካራ ኮራል ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ። እኛ ዘንድ ትከሻውን ያመመው ሰው ምን ይባላል? «ብርድ መቶህ ነው።» ከቆላ ተመልሶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ይህ ቢባል ማን ይጠራጠራል? ቅባት ይታሻል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣል፣ ይተኛል። የዲኮምፕሬሽን ሕመም ምልክቶች ግን አብዛኞቹ ይህን ይመስላሉ፦ የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም፣ እንቅልፍ የማይፈታው ከባድ ድካም፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ሽፍታ፣ ማዞር፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ። የእግር መዛልና ሽንት መከልከል ከመጣ አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ በረራ ካለ ዘግይቶ ሊመጣም ይችላል። ምልክቱ እዚያው ባሕር ዳር እያላችሁ ከታየ አትብረሩ፤ ለዳይቪንግ ማዕከሉ ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የመጀመሪያ እርዳታው ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ ዋናው ሕክምና የሚሰጠው ግፊቱ ከፍ በሚደረግበት ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። የጉዞ ዋስትናችሁ ዳይቪንግን ይሸፍን እንደሆነም አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ብዙዎቹ በትንንሽ ፊደል ያስቀሩታል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታል ስትደርሱ «ከዕረፍት ተመልሼ ነው» ወይም «ዋኝቼ ነበር» አይበቃም። ሐኪሙ በቀን ስንት እንዲህ ያለ ታካሚ ያያል? «በአየር ሲሊንደር ጠልቄ ነበር» በሉት፤ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከውሃ የወጣችሁበትንና የበረራችሁበትን ሰዓት ጨምሩበት። ይህን ሁሉ በሕመም መካከል ማስታወስ ከባድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዳይቭ በኋላ ጀልባው ላይ እያላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። በተመለሳችሁ ማግስት ልጆቹን ይዛችሁ እንጦጦ ፓርክ ልትወጡ ካሰባችሁም፣ እሱ ወደ 3,000 ሜትር ነውና ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍ።