ቴክኖሎጂ በቤታችን፦ ጽሑፉን እንዳታጠፋው!

ልጅዎ ከባሕር ዳር ለእረፍት ይፋግ መጥታ ነበር እንበል። የመመረቂያ ፕሮጀክቷን የሼል ስክሪፕት ቤት ባለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ጽፋ ጨረሰች፤ በፍላሽ ይዛም ተመለሰች። ሊኑክስ ላይ ስታስነሳው ግን «ባድ ኢንተርፕሪተር» የሚል መልእክት መጣ። ደጋግማ ብታነበው የተሳሳተ ፊደል የለም። ማስረከቢያው ነገ ነው። «አጥፍቼ እንደገና ልጀምር» ብላ ብትደውልልዎ፣ «ቆይ ልጄ» ይበሏት።

የድሮውን የጽሕፈት መኪና ያስታውሳሉ? መስመር ሲያልቅ ሁለት ነገር ይደረግ ነበር፤ ወረቀቱን የያዘውን ክፍል ወደ መነሻው መመለስና ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ማድረግ። ዊንዶውስ ላይ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬም በየመስመሩ መጨረሻ ለሁለቱም የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣሉ፤ 13 እና 10 ቁጥርን። ሊኑክስ ግን መስመር ማለቁን የሚያውቀው በ10 ብቻ ነው። ትርፉን 13 ከፕሮግራሙ ስም ጋር አጣብቆ ያነበውና «በዚህ ስም የሚጠራ የለም» ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ታስቀር። ከዚያ በቪኤስ ኮድ ትክፈተው፤ ከታች በቀኝ በኩል «ሲአርኤልኤፍ» የሚለውን ተጭና «ኤልኤፍ»ን ትምረጥና ሴቭ ታድርገው። ሊኑክሱ ላይ «ዶስ2ዩኒክስ» የተባለው ትእዛዝ ከተጫነም ያንኑ ይሠራል።

ለወደፊቱ ቤት ስትጽፍ ከመጀመሪያው «ኤልኤፍ» ላይ ታድርገው። ለዛሬ ግን የደከመችበት ሥራ ደህና መሆኑን ይንገሯትና ተረጋግታ ታስረክብ።