ሽቦ ፍሬን አይሆንም

መጥረቢያ ቢላላ በሽብልቅ ይጠብቃል፤ ሞፈር ቢሰነጠቅ በጠፍር ይታሰራል። ይህ ብልሃታችሁ ያስመሰግናል። የማኅበሩ አሮጌ መኪና ፍሬን ግን እንዲህ አይደለም።

አንዳንዱ ሰው «የፍሬን ዘይቱ ቢያልቅ ምን ቸገረን? ከተማ እስክንደርስ የሳሙና ውሃ እንጨምርበት» ይላል። አትስሙት! ለምን ቢባል፣ እንደ ዓባይ በረሃና እንደ ሊማሊሞ ባለ ቁልቁለት ፍሬን እንደ ምጣድ ይግላል። አዲስ የፍሬን ዘይት ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል፤ ውሃ ግን በ100 ዲግሪ ገደማ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲረግጡት እንደ ፊኛ ይጨመቃል እንጂ ኃይሉን ለፍሬኑ አያደርስም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ያኔ እህሉም ሰዉም ገደል ገባ ማለት ነው።

የሚያፈስ የፍሬን ቱቦ በላስቲክና በሽቦ ማሰርም ያው ነው። ሹፌሩ በኃይል ሲረግጥ ግፊቱ ይበጥሰዋል።

ስለዚህ በስብሰባችሁ ወስኑ፦ ፍሬኑ በመካኒክ ሳይጠገን አንድ ኩንታል እንኳ አይጫን! ዘይቱን ስትገዙም በጣሳው ላይ ያለውን ቁጥር በመኪናው የፍሬን ዘይት መያዣ ክዳን ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ማንበብ ለዚህም ይጠቅማል።

ሳይቃጠል በቅጠል!