አገርን በእግር ማወቅ ይገባናል

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዝን ወጣቶች ስለ አልፕስ ተራሮች ብንጠየቅ ብዙ እናወራለን፤ ስለ አምባሰል ብንጠየቅ ግን ከቅኝቱ ስም በቀር የምናውቀው ጥቂት ነው።

በመስከረም ወር ከተሳላሚዎች ጋር ሆነን ወደ ግሸን ወጥተን ነበር። መልኩ መስቀል የሚመስለው ይህ አምባ ዙሪያው ገደል በመሆኑ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ነበር። ግማደ መስቀሉም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ገባበት ስለሚታመን መስከረም 21 ቀን ሕዝብ ከየአቅጣጫው ይጎርፍበታል።

በአቀበቱ ላይ እኛ ጫማ የተጫማነው ስናለከልክ አንዲት ምርኩዝ የያዙ እናት ቀደሙን። ወይራውንና ኮሶውን በየስሙ እየጠሩ ከሄዱ በኋላ ወደ አንድ ዛፍ አመልክተው፣ «እናንተ የተማራችሁ ልጆቼ፣ ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ?» አሉን። ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን አንዱ ስለ ደን ደብዳቤ የሚያረቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ፓርክ የደንቆሮ ደን አለ፤ ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ እንዲሁም ጭላዳ ይኖሩበታል። የእነዚህ ሀብት ዕድል በብዙው የሚወሰነው እንደኛ ባሉ ሰዎች ብዕር ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ፓርክ ለፈረንጅ መዝናኛ ነው፤ ገበሬው የሚሻው ግጦሽና እንጨት ነው» ይላሉ። የገበሬው ችግር እውነት ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ እርሻና ግጦሽ ስለ ገፋው በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ አስቀድሞ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ይህን በወረቀት ያነበበ ሹምና በእግሩ ሄዶ ያየ ሹም እኩል ሊፈርዱ አይችሉም። በእግር የሚሄድ እንግዳ ደግሞ የአገሩን ልጅ መሪ አድርጎ ይቀጥራል፤ በቅሎ ይከራያል፤ ከመንደሩ ያድራል። ደኑ ለጎረቤቱ እንጀራ ሲሆን ጠባቂው ይበዛል።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። የመንገዱ ሰላም ሲረጋገጥ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀን ቆርሶ አንድ ተራራ በእግሩ ይውጣ፤ ተማሪውም እንዲሁ። ሲሄድ ይጠይቅ፣ ያዳምጥ፣ የዛፉንም ስም ይማር። እኛ ያን ቀን የተጠየቅነውን ዛፍ ስም የተማርነው ከእኒያ እናት ነው፤ ዝግባ ነበር።