በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት
የሞሪሸስ ደሴት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ፥ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ስኳር ነበረ። ዐውሎ ነፋስ ሸንኰራውን በሰበረ ዓመት የሕዝቡ ኑሮ ይናጋ ነበር። በ1970 ግን ለውጭ ገበያ የሚሠሩትን ፋብሪካዎች ከቀረጥ ነጻ አደረገች፤ በ1974 ስኳር በተወደደ ጊዜም ከትርፉ ከፊሉ በልብስ ፋብሪካና በሆቴል ሥራ ላይ ዋለ። ስኳሩን አልጣለችም፤ ለሌላው ሥራ ዘር አደረገችው እንጂ።

ለእኛም ቡናችን እንዲሁ ነው። በ1989 የዓለም የቡና ኮታ በፈረሰ ጊዜ ዋጋው እንደ ወደቀ ይታወሳል። ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ሁለተኛውን ሥራ መመሥረት የሚገባቸው ቡና በረከሰ ጊዜ ሳይሆን በተወደደ ጊዜ ነው። በጥጋብ ዘመን ያልተዘራ በራብ ዘመን አይታጨድምና።