ወደ ባሕር ማዶ ከመሻገር በፊት የሚፈታ ስእለት

ቀድሞ ሲያም ትባል በነበረችው በታይላንድ፣ ሰው ተስሎ የለመነው ነገር ሲፈጸምለት የሚያቀርበውን የምስጋና መባ በቋንቋቸው «ኬ ቦን» ይሉታል። «ቦን» ስእለት ነው፤ «ኬ» ማለትም መፍታት ነው። በእኛ ሀገር ስእለት ይገባል እንላለን፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ስእለት ይፈታል፤ እስኪፈታም ድረስ የተሳለው ሰው እንደ ታሰረ ይቆጠራል።

ይህም ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው በሌላ ሀገር ለመኖር የሚነሣውን ሰው ነው። ስእለት በተሳሉበት ስፍራ እንዲፈታ ልማዱ ያዝዛልና፣ ሳይፈታ የሄደ ሰው ዕዳውን ከኋላው ጥሎ ሄደ ይባላል። ብዙ ጊዜም የተሳለው መንገደኛው ራሱ አይደለም፤ እናቱ ናት። ልጇ ፈተና እንዲያልፍ፣ የመግቢያ ፈቃድ እንዲያገኝ በስውር ተስላ ኖራ፣ ሻንጣው በሚታሰርበት ሳምንት «ልጄ፣ አንድ መቶ የተቀቀለ እንቁላል አለብን» ትለዋለች። እንግዲህ ልጁ ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ትቶ ከባንኮክ በስተ ምሥራቅ ወዳለችው ወደ ቻቸንግሳው ከተማ ይሄዳል፤ ሉዋንግ ፖ ሶቶን ለተባለው ለቡድሃ ምስል የሚሰጠው የታወቀው የምስጋና መባ እንቁላል ነውና። እንቁላሉም ከጸሎት በኋላ ወደ ቤት ተመልሶ ለዘመድና ለጎረቤት ይታደላል።

በባንኮክ መካከል፣ በራቻፕራሶንግ መስቀለኛ መንገድ ያለው የኤራዋን መቅደስ ደግሞ ሌላ ነው። ሕዝቡ አብዛኛው የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ሲሆን፣ በዚህ ስፍራ የሚመሰገነው ባለ አራት ፊቱ የሂንዱዎች አምላክ ብራህማ ነው። መቅደሱ የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓመት ነው፤ በአጠገቡ ይሠራ በነበረው ሆቴል ላይ አደጋ ስለ በዛ፣ ኮከብ ቈጣሪ መክሮ አሠራው ይባላል። ስእለተኛው ለአራቱም ፊቶች ዕጣንና ሻማ፣ የቢጫ አበባ ጉንጉንም ያቀርባል፤ ከእንጨት የተቀረጸ ዝሆን የሚያመጣም አለ። ስእለቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዘውድ የደፉ ዘፋኞች ሴቶች በገንዘብ ቀጥሮ፣ እነርሱ ሲያሸበሽቡ እርሱ እጁን አጣምሮ ተንበርክኮ ይቈያል። በኦገስት 17 ቀን 2015 በዚሁ ስፍራ ቦምብ ፈንድቶ 20 ሰዎች ሞቱ፤ በሁለተኛው ቀን መቅደሱ ሲከፈት ግን ስእለተኞች አበባቸውን ይዘው ተመለሱ።

እኛ ዕድሜያችንን መዝገብና ውል በመጻፍ የፈጀን ሰዎች በጣም የወደድነው አንድ ምክራቸው አለ። ስትሳል ቍጥሩንና ቀኑን ለይተህ ተናገር ይላሉ። «ብዙ እንቁላል» ብሎ የተሳለ ሰው ስንት ቢያቀርብ ዕዳው እንደሚያልቅ በምን ያውቃል? ቀድሞ ለሄደና ለመመለስ ለማይችል ሰውም በዋጋ ስእለት የሚፈቱ ወኪሎች ይገኛሉ። ይህን እኛ አልወደድነውም፤ ዳሩ ግን በሩቅ ሀገር ሆኖ ዕዳው እንቅልፍ የሚነሣውን ሰው ልንነቅፈው አንደፍርም።

ከመቅደስ በኋላ የቤቱ ሥርዓት ይቀራል። በግቢው ጥግ በዓምድ ላይ ለቆመችው ለአድባር ቤት መብልና አበባ ተሰጥቶ መሄዱ ይነገራል። ልጁም በወላጆቹ እግር ሥር ተንበርክኮ የአበባ ጉንጉን እያቀረበ፣ በሥራ፣ በቃልና በአሳብ ስለ በደላቸው ሁሉ ይቅርታ ይለምናል። ብዙ አባቶች እስከዚህ ሰዓት ድረስ ጠንክረው ቈይተው እዚህ ላይ ያለቅሳሉ።

በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ አውራጃዎች ደግሞ ሌላ ይጨመራል። በሰው ሰውነት ውስጥ ክዋን የሚባሉ 32 ጠባቂ መናፍስት አሉ፤ መንገደኛውም ሲርቅ እንዳይበተኑበት ሽማግሌዎች በሙዝ ቅጠል ጌጥ ዙሪያ ተቀምጠው እየመረቁ የእጁን አንጓ በነጭ የጥጥ ክር ያስሩለታል። እንግዲህ ስእለቱ ተፈትቶለት፣ እጁ ግን በዘመዶቹ ክር ታስሮ ይሄዳል። ክሩን ቢያንስ ሦስት ቀን ሊያቈየው ይገባዋል፤ ስለዚህ በባዕድ ከተማ ከአውሮፕላን ሲወርድ እንኳ ከኮቱ እጅጌ በታች ነጩ ክር ይታያል። ጊዜው ሲደርስም በጣቱ ይፈታዋል እንጂ በመቀስ አይቈርጠውም።